ምድር ስትረጋ የሚነሣ እሳት

የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለ ጋዝ ቧንቧ ለመስማት መጥታችኋል። ርዕሱ ለጨዋታ የሚመች አይደለም። ሎስ አንጀለስ ላይ ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ግን ሊሸሸው አይችልም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የሚፈርስ ግድግዳና የሚወድቅ ጣሪያ ነው። የእኔ ንግግር ግን የሚጀምረው መንቀጥቀጡ ካበቃበት ደቂቃ ነው። ምድር ረግታ፣ ሰው «ተመስገን፣ ተረፍን» ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ከምድጃው ጀርባ የተሰነጠቀው ቧንቧ ሥራውን ይጀምራል። ግድግዳው እንዲቆም ወይም እንዲወድቅ በዚያች ቅጽበት ማዘዝ አንችልም። ከዚያ በኋላ የሚነሣው እሳት ግን በአብዛኛው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር ለይተን እንድንሄድ እፈልጋለሁ፦ ጋዝ መቼ ይዘጋል? መቼ አይዘጋም? ከተዘጋስ በኋላ ማን ይከፍተዋል?

ታሪኩን ከዚሁ ከካሊፎርኒያ ልጀምር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ማለዳ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ተናወጠች። መንቀጥቀጡ ራሱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አላለፈም፤ እሳቱ ግን ከሦስት ቀን በላይ ነደደ። ወደ 28,000 የሚጠጉ ሕንፃዎች ወደሙ፤ የሟቾቹም ቁጥር 3,000 ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። ከተማዋን የበላት በዋናነት እሳቱ ነበር። የጋዝ ቧንቧዎች ተሰብረዋል፤ የውሃ ቧንቧዎችም አብረው ስለተሰበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በደረቅ ቱቦ ቆመው ቀሩ። ከእሳቶቹ ሁሉ ታዋቂው የተነሣው ሄይስ ቫሊ በሚባል ሰፈር ነው። አንዲት ሴት ምድር ከረጋ በኋላ ለቤተሰቧ ቁርስ ለመሥራት ምድጃዋን ለኮሰች። የጭስ ማውጫው በመንቀጥቀጡ መሰንጠቁን አላወቀችም። እሳቱ ሰፈሩን ጨርሶ ወደ ከተማው መሐል ተሻገረ። እስከ ዛሬም «የአሳማ ሥጋና እንቁላል እሳት» እየተባለ ይጠራል።

ጃፓንን እንይ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ቶኪዮና ዮኮሃማ የተመቱት እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በየቤቱ የምሳ ምድጃ እየነደደ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ኃይለኛ ነፋስ ነበረ። ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኛው በእሳት ነው። የመንቀጥቀጡ ሰዓት ከምግብ ሰዓት ጋር መግጠሙ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ አስቡት።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1994፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ብዙዎቻችሁን ከአልጋ ያወረዳችሁ ነው። መጠኑ 6.7 ነበር። ግራናዳ ሂልስ ውስጥ ባልቦአ ጎዳና ላይ ከአስፋልቱ ሥር የነበረ ትልቅ የጋዝ ቧንቧና የውሃ ቧንቧዎች አንድ ላይ ፈነዱ። ጎዳናው በውሃ ተጥለቀለቀ፤ አየሩ በጋዝ ተሞላ። አንድ ሰው መኪናው ውሃው ውስጥ ጠፋችበት። መልሶ ሊያስነሣት ቁልፉን ሲያዞር የተፈጠረችው ብልጭታ ጋዙን አቀጣጠለችው። በአካባቢው አምስት ቤቶች ተቃጠሉ። በቴሌቪዥን ዓለም ያየው ያ ከጎርፍ መሐል የሚወጣ ነበልባል መነሻው አንድ የመኪና ቁልፍ ነበር። ያ ሰው ክፉ ሥራ አልሠራም፤ ማንኛችንም የምናደርገውን አደረገ። የማናውቀው ነገር በአየሩ ውስጥ ካለ የዘወትር ልማዳችን ራሱ ክብሪት ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ጋዝ የሚባለው ነገር ምንድነው? በቧንቧ ወደ ቤታችን የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ቀለም የለውም፤ በተፈጥሮውም ሽታ የለውም። የምናውቀው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ይህ ልማድ በስፋት የተያዘው በ1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን የተባለች መንደር ትምህርት ቤት በጋዝ ፍንዳታ ከወደመና ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ከሞቱ በኋላ ነው። ከሕንፃው ሥር የተጠራቀመውን ጋዝ ማንም አላሸተተውም ነበር። ዛሬ በሕግ የታዘዘው ጋዙ ሊቀጣጠል ከሚችልበት መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ገና አፍንጫ እንዲለየው ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሽታው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ለማምለጥ ትርፍ ጊዜ አለ። ጊዜውን የምናባክነው ከየት እንደመጣ ለማወቅ መብራት ስናበራና ክብሪት ስንጭር ነው።

አፍንጫ ግን ብቻውን አይታመንም። ጉንፋን አለ፤ ዕድሜ አለ፤ ሽታውም ለረጅም ጊዜ ሲሸት ይለመዳል። ስለዚህ ጆሮም ዓይንም ይሥሩ። «ሽሽሽ» የሚል የማፏጨት ድምፅ፣ ከቦታው የተንሸራተተ ምድጃ፣ ያዘመመ የውሃ ማሞቂያ፣ ውጭ ደግሞ ያለ ነፋስ የሚቦን አቧራ ወይም ከእርጥብ መሬት የሚፈላ አረፋ ምልክቶች ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መንቀጥቀጡ እየሆነ ሳለ ወደ ጋዝ ቆጣሪው አትሩጡ። በዚያች ሰዓት ሥራችሁ ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባትና እግሩን አጥብቆ መያዝ ነው። ምድጃው ፊት ቆማችሁ እጃችሁ የሚደርስ ከሆነ አጥፉትና ዝቅ በሉ። ካልደረሰ ተዉት፤ የሚፈላ ወጥ ያለበት ድስት አጠገብ መንገዳገድ ራሱ አደጋ ነው። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በመጀመሪያ ራሳችሁንና ቤተሰባችሁን ተመልከቱ፤ ቀጥሎ አሽትቱ፤ አዳምጡ፤ ተመልከቱ።

ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ካለ፣ ማለትም ሽታው፣ ድምፁ ወይም የተሰበረው መስመር፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ማብራትም ማጥፋትም ብልጭታ ይፈጥራል። ሻማ፣ ክብሪት፣ ላይተር አይታሰብም። ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አትደውሉ። በሩን ክፍት ትታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ቆጣሪው ጋ በሰላም መድረስ የሚቻል ከሆነ ጋዙን ዝጉ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ወደ ጋዝ ኩባንያው ወይም ወደ 911 ደውሉ። የኩባንያው የአደጋ ጊዜ ቁጥር በየወሩ በሚመጣላችሁ ቢል ላይ ተጽፏል፤ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ጋዝ በሸተተበት አካባቢ መኪና አታስነሡ። የባልቦአ ጎዳናን አትርሱ።

አዘጋጉ እንዲህ ነው። ከመሬት ወጥቶ ወደ ቆጣሪው በሚገባው ቧንቧ ላይ ጠፍጣፋ ጉጥ ያለው መዝጊያ አለ። ጉጡ ከቧንቧው ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተጋደመ ጋዙ ክፍት ነው። አፉ እየሰፋ እየጠበበ በሚስተካከል፣ ርዝመቱ 12 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መፍቻ ጉጡን ሩብ ዙር ስታዞሩት ቧንቧውን አቋርጦ ይቆማል፤ ያኔ ተዘግቷል። መፍቻው ከመሣሪያ ሳጥን ሥር ተቀብሮ ሳይሆን ለቆጣሪው ቅርብ በሆነ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ለልምምድ ብላችሁ እንዳትዘጉት። ቦታውን አሳዩ፣ አቅጣጫውን አስረዱ፣ መዝጊያውን ግን አትንኩት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው «መንቀጥቀጥ ከሆነ ዝም ብሎ መዝጋት ነው፤ ምን ይጎዳል?» ይላል። እንደሚጎዳ የኖርዝሪጅ ልምድ አሳይቶናል። ያን ጊዜ ወደ 150,000 የሚጠጉ ደንበኞች ጋዝ ተዘጋ። አብዛኛውን የዘጋው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ብዙዎቹም ቤቶች አንዳችም ፍሳሽ አልነበረባቸውም። አንዴ የተዘጋ ጋዝ ግን ባለሙያ ቤት ለቤት እየዞረ መስመሩን ሳይፈትሽ አይከፈትም። ስለዚህ ፍሳሽ የሌለባቸው ሰዎች በጃንዋሪ ብርድ ያለ ማሞቂያና ያለ ሙቅ ውሃ ወረፋ ጠበቁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ እውነተኛ ጉዳት የደረሰባቸው ጎረቤቶቻቸው ሠራተኛ የሚያገኙበት ጊዜ መራዘሙ ነው። በፍርሃት የተዘጋ መስመር የሌላውን ሰው ወረፋ ይወስዳል።

ምልክት ካለ አታመንቱ፤ ምልክት ከሌለ አትዝጉ። ሽታው የሚመጣው ከአንድ ምድጃ ብቻ መሆኑ ግልጽ ከሆነና መድረስ ከተቻለ፣ ከጀርባው ያለውን የራሱን መዝጊያ መዝጋት ይበቃል፤ የቤቱ ሁሉ ጋዝ አይቋረጥም። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ ቆጣሪዎቹ በረድፍ የተደረደሩ ስለሆኑ የቤታችሁን ቁጥር ለይታችሁ እወቁ፤ በጨለማ የጎረቤትን ጋዝ ዘግቶ የራስን ክፍት መተው አለና።

ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። የዘጋችሁትን ጋዝ እናንተ አትክፈቱት። «ሽታው ጠፍቷል፣ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ልጁ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል» የሚለው ምክንያት ሁሉ ይገባኛል። ነገር ግን መስመሩ ሲዘጋ በውሃ ማሞቂያውና በቤት ማሞቂያው ውስጥ ያለችው ፓይለት የምትባል ትንሽ ነበልባልም ትጠፋለች። መዝጊያውን መልሳችሁ ስትከፍቱ ጋዙ በጠፋው ፓይለት ወይም ባላያችሁት ስንጥቅ በኩል ሊወጣ ይችላል። ባለሙያው መጥቶ ግፊቱን ይፈትሻል፣ ፍሳሽ መኖር አለመኖሩን ያያል፣ ፓይለቱን ይለኩሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ምድጃ የሚነካው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዕለቱ ነው። የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል፤ አሁን ወደ ቅጠሉ ልምጣ።

በቤታችን ውስጥ ከሁሉ አስጊው ዕቃ የውሃ ማሞቂያው ነው። ውሃ ሲሞላ ከ150 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነም በቀላሉ ይወድቃል፤ ሲወድቅ የጋዝ ቧንቧውን ይዞ ይወድቃል። የካሊፎርኒያ ሕግ የመኖሪያ ቤት የውሃ ማሞቂያ ሁሉ በመንቀጥቀጥ እንዳይወድቅ እንዲታሰር ያዛል። የሚታሰረው በሁለት የብረት ቀበቶ ነው፤ አንዱ በላይኛው ሲሶ፣ ሌላው በታችኛው ሲሶ፣ ሁለቱም ከግድግዳው ውስጥ ካለው እንጨት ጋር በጠንካራ ብሎን ይያዛሉ። ቀበቶው በስሱ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተመታ ለዓይን ነው እንጂ አይጠቅምም። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ጠይቁ፤ ልመና አይደለም፣ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ምድጃውንና ማድረቂያውን ከግድግዳው መስመር ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ነው። ዕቃው ሲንሸራተት አብሮ የሚታጠፍ ዘመናዊ ተጣጣፊ ቱቦ መሆን አለበት። ከድሮ የቀረ፣ ሽፋን የሌለው የነሐስ ቱቦ ካለ ለማየት ብላችሁ ምድጃውን አትጎትቱት፤ መጎተቱ ራሱ ሊሰብረው ይችላል። ባለሙያ አስጠሩ።

ሦስተኛው ጋዙን በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ከኖርዝሪጅ በኋላ የሎስ አንጀለስ ከተማ በአዲስ ግንባታና በሚሸጡ ቤቶች ላይ እንዲገባ ደንብ አውጥታለች። አንደኛው ዓይነት ኃይለኛ ንቅናቄ ሲሰማው ይዘጋል፤ ሁለተኛው ቧንቧ ተሰብሮ ጋዝ ከመጠን በላይ ሲፈስ ይዘጋል። ጃፓኖች ይህን ብልሃት ቆጣሪው ውስጥ ራሱ አስገብተውታል፤ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቆጣሪው ጋዙን ይቆርጣል። እዚህ አገር ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ቫልቩን የሚያስገባው ባለቤቱ ነው፤ ፈቃድ ያለው የቧንቧ ባለሙያ ይግጠመው። ቤታችሁ ቫልቩ እንዳለው የማታውቁ ካላችሁ የገዛችሁበትን ሰነድ አገላብጡ።

አሁን የእኛን ማኅበረሰብ ብቻ የሚመለከት ነገር ልናገር። በብዙ ቤታችን እናትና አባት ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ልጆቹን የሚጠብቁት ከአገር ቤት የመጡ አያት ናቸው። እማማ ምድጃውን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። ቆጣሪው የት እንዳለ ግን ማን አሳያቸው? እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ ምልክቱንም ማስጠንቀቂያውንም አያነቡም። እሳቸውን እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ቆጣሪው ውሰዷቸው። «እማማ፣ ይህ ሽታ ከሸተተዎት ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ ምንም ነገር አይንኩ፤ ከጎረቤት ሆነው ይደውሉልኝ» በሏቸው። መዝጊያውን ማዞር ላይችሉ ይችላሉ። መውጣት ግን ይችላሉ፤ የሚበልጠውም እሱ ነው።

ሌላው ቡናችን ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ መብራት ይጠፋል። ሰው ይሰበሰባል፣ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፤ ሐበሻ በተሰበሰበበት ደግሞ ቡና ይፈላል። ከሰሉን ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ ዕጣኑን ማጤስ በዚያች ሰዓት ሁለት ሞት ይጠራል። አንዱ በአየሩ ውስጥ ያለ ጋዝ ነው፤ ሌላው ከከሰሉ የሚወጣው፣ የማይሸትና የማይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድ። መስኮት ተዘግቶ ከሰል ያሞቀው ቤት ሰውን በእንቅልፍ ይወስዳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚበራው ጧፍም እንደዚሁ ነው፤ ሕንፃው ተፈትሾ ጋዝ እንደሌለ ካልታወቀ በቀር ይቆይ። በፌርፋክስ ጎዳና ያሉ ምግብ ቤቶቻችን ደግሞ እያንዳንዱ የወጥ ቤት ሠራተኛ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ እንዲያውቅ ያድርጉ፤ ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት መንቀጥቀጥ አይመጣም ያለን የለም።

ሦስተኛው ምጣዱ ነው። በ1995 ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ ተመትታ ከ6,000 በላይ ሰው ሲሞት፣ ከእሳቶቹ ብዙዎቹ የተነሡት የተቋረጠው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሰው የተሰካ ማሞቂያ ትቶ ሸሽቷል፤ ማሞቂያው ተገልብጦ ወድቋል፤ መብራት ሲመጣ በራሱ ጋለ፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ የፈሰሰ ጋዝ ጠበቀው። የእኛ የእንጀራ ምጣድም እጅግ ይግላል። የጋዝ ሽታ ከሌለ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ምጣዱን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ሽታ ካለ ግን አትንኩት፤ ውጡ። በዚያው ከተማ ጋዝ ከተቋረጠባቸው 860,000 ገደማ ደንበኞች የመጨረሻዎቹ ጋዝ ያገኙት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነበር። እኛም ለብዙ ሳምንት ያለ ጋዝ ለመኖር የሚያስችል ስንቅ፣ ውሃና ብርድ ልብስ ይኑረን።

ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባ ቤተሰብ አላችሁ። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በተደጋጋሚ የተሰማው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎችን በሌሊት ከቤት አስወጥቷል። እዚያ በየቤቱ የተዘረጋ የጋዝ መስመር የለም፤ ያለው የቡታጋዝ ሲሊንደር ነው። ይህ ጋዝ ጠባዩ ይለያል። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ የሲሊንደሩ ጋዝ ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ምድር ቤትና ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ስለዚህ ለቤተሰባችሁ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው፦ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እንዳይወድቅ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ ይታሰር፤ ከምግብ በኋላ ምድጃው ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ራስ ይዘጋ፤ ጎማው ሲሰነጠቅ ይቀየር፤ ፍሳሽ ሲጠረጠር በሳሙና አረፋ ይፈተሽ እንጂ ክብሪት ተጭሮ አይሞከር።

ወደ ካሊፎርኒያችን ልመለስ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በ2008 ባወጣው ጥናት፣ በደቡባዊው ሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ላይ መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ቢደርስ ወደ 1,600 የሚጠጉ የእሳት አደጋዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አስልቷል። ይህን ያህል እሳት በአንድ ቀን የሚያጠፋ የእሳት አደጋ መኪና የትም ከተማ የለም። በዚያን ዕለት ወደ ቤታችሁ የሚመጣ ሰው ላይኖር ይችላል። ከሽታው የሚያድናችሁ ወይ እናንተ፣ ወይ ጎረቤታችሁ ነው። ጎረቤታችሁ ሐበሻ ይሁን፣ ሜክሲኳዊ ይሁን፣ ኮሪያዊ ይሁን፣ አንዳችሁ ስለ አንዳችሁ ቆጣሪ ማወቃችሁ የሁላችሁም መዳኛ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ወደ ቆጣሪው ሂዱ። መዝጊያውን በዓይናችሁ ፈልጉ፤ በአቅራቢያው መፍቻ አስቀምጡ፤ ልጆቻችሁንና እማማን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ከዚያ የውሃ ማሞቂያው መታሰሩን ተመልከቱ፤ ካልታሰረ በዚህ ሳምንት አሳስሩት። ምልክት ካያችሁ ዝጉ፤ ካላያችሁ ተዉት፤ የዘጋችሁትን ግን በራሳችሁ እጅ አትክፈቱ።